እሳቸውም ሆታ ይሉታል

ማድሪድ የገባሁ ሰሞን ስለ ስፔን ሙዚቃ የማውቀው ፍላሜንኮን ብቻ ነበር። ጊታር፣ ቀይ ቀሚስ፣ ወለሉን በተረከዟ የምትደበድብ ሴት። ሌላም አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሥራ ያገኘሁት ሰማንያን የተሻገሩ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው። ልጃቸው ሥራ ስለምትውል ቀን ቀን እኔ አብሬያቸው እሆናለሁ። ምሳ እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ፣ አመሻሽ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ሰፈሩን አንድ ዙር እንዞራለን። ስጠራቸው ሴኞራ ነው የምለው። በሆዴ ግን እትዬ ናቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የተወለዱት ሳላማንካ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ፖርቱጋል ድንበር ጠጋ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። ማድሪድ ከመጡ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። እስከ ዛሬ ግን "እኛ ጋ" ሲሉ መንደሩን ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ልወቅጥ የናሷን ሙቀጫ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ትንሽ ናት፣ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ግን ከባድ። "እስቲ አምጪያት" አሉኝ። ሊወቅጡልኝ መስሎኝ ሰጠኋቸው። እሳቸው ጭናቸው ላይ አደላደሏትና ዘነዘናውን ይዘው ግራና ቀኟን፣ ከዚያ ውስጧን፣ ከዚያ መልሰው ጎኗን ይመቱ ጀመር። እንደ ደወል ጮኸች። አንዱ ምት ጠንከር፣ ሁለቱ ለስለስ። አንዳንዴ መዳፋቸውን አፏ ላይ ጣል ያደርጉና ድምፁን አፈን ያደርጉታል፣ ያነሱታል፣ እንደገና ይለቀቃል። ቀጥለው መዝፈን ጀመሩ። ጠዋት የበሉትን የሚረሱ ሴትዮ አንድ ቃል ሳይስቱ ግጥሙን እስከ መጨረሻው አወረዱት።

"ይሄ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"ሆታ" አሉኝ።

በአማርኛ የመለሱልኝ ነው የመሰለኝ። እነሱ በጄ ፊደል ይጽፉትና ሆታ ብለው ያነቡታል። ከእኛ ሆታ ጋር ዝምድና የለውም፣ መገጣጠም ነው። እኔ ግን ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቃሉን ሳገላብጥ አመሸሁ። "በእልልታና በሆታ" ስንል ሙሽሮች ሲገቡ፣ ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ሕዝቡ ራሱ የሚያነሳውን ድምፅ ማለታችን ነው። ሆታ ተመልካች የለውም። ትኬት ቆርጦ ሆታ ሊያይ የሄደ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እዚያ የተገኘ ሁሉ ውስጡ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን አገር የገጠር ዘፈንና ጭፈራ በትርፍ ጊዜዬ ሁሉ ስከታተል ቆይቻለሁ፣ እና ልቤን የያዘው ሁልጊዜ መድረክ ላይ ያለው ሳይሆን በእኛ አማርኛ ሆታ የሆነው ነው።

ከሙቀጫው በኋላ ኩሽናውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መስኮቱ ሥር ባዶ የአኒስ አረቄ ጠርሙስ ነበር። ገላው በሙሉ እንደ አናናስ ልጣጭ ወጣ ገባ ነው። ልጥለው ሳነሳው እትዬ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። "እሱ እኮ ሙዚቃ ነው!" በማንኪያ ጀርባ ላይና ታች ሲፋቅ ክርር ክርር የሚል ምት ይሰጣል፣ በተለይ በገና ሰሞን በየቤቱ ይሰማል። መጥበሻም ይመታል። ደሃ መንደር ውስጥ ማን ጊታር ይገዛል? ሴቶቹ እጃቸው የገባውን ዕቃ ይመቱ ነበር። የዕለቱን እህል የወቀጠ ዕቃ ማታ ዘፈኑን ያጅባል።

የእሳቸው አካባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ ከበሮ አለው። አራት ማዕዘን ነው። ፔንያፓርዳ የምትባል መንደር በእሱ ትታወቃለች። በእንጨት አራት ማዕዘን ላይ ቆዳ ይወጠራል፣ በአንድ እጅ ዱላ ይዘው፣ በሌላኛው በባዶ እጅ ይመቱታል። ሁለቱ እጆች የተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። የሚመቱት ሴቶች ናቸው፣ እየመቱም ይዘፍናሉ። ወንዱ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። በግራ እጁ ሦስት ቀዳዳ ያላት ዋሽንት ይዞ ይነፋል፣ እዚያው ክንዱ ላይ ከበሮ ያንጠለጥልና በቀኝ እጁ ይመታል። አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ባንድ ነው። ባስኮችም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አላቸው፣ ቺስቱ ይሉታል።

ወደ ሆታው ልመለስ። ሆታ አንድ ብቻ አይደለም። ካስቲያ የራሷ አላት፣ ናቫራ፣ ኤክስትረማዱራ፣ ቫሌንሲያም እንዲሁ። ስሙ የገነነው ግን የአራጎኑ ነው፣ ከተማውም ዛራጎዛ። ኦክቶበር 12 የፒላሯ ማርያም በዓል ነው፣ አገሩ በሙሉ ሥራ አይገባም። ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። ከ1958 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዚያ ቀን ሕዝቡ አበባ ይዞ ወደ አደባባይ ይተማል። አያት፣ አባት፣ በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ሳይቀር የየመንደሩን የአገር ልብስ ለብሶ። አበባው ከሥሯ እየተደረደረ የማርያም ካባ ይሆናል። የግሸንን መንገድ አስታወሰኝና እንባ መጣብኝ።

ሆታውን ያገኘሁት ግን ከአደባባዩ ወጣ ብዬ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አምስት ስድስት ሰዎች ጊታርና ባንዱሪያ ይዘው ቆመዋል። ባንዱሪያ አጭር አንገት፣ ጥንድ ጥንድ ክር ያላት፣ ድምፅዋ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ናት። አንድ ትልቅ ሰውዬ ራሳቸው ላይ ሻሽ አስረው ግድግዳው ጋ ቆመው ነበር። ማንም አላስተዋወቃቸውም። ጊታሮቹ ረገብ አሉላቸው፣ እሳቸው አገጫቸውን ቀና አደረጉና ድምፃቸውን ወረወሩት። እኔ ከዚያ ሌላ ቃል የለኝም። ተራራ ማዶ ያለን ሰው እንደሚጠራ ሰው።

የሆታ ግጥም አራት ስንኝ ነው፣ እያንዳንዱ ስምንት ስምንት ቀለም። ሲዘፈን ግን ሰባት ይሆናል። ከሁለተኛው ስንኝ ይጀምራል፣ ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ እንደገና ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አራተኛው ይደገማል፣ በአንደኛው ይዘጋል። እስቲ ከእኛ የአራት ስንኝ ዘፈን አንዱን ያዙና በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት። መሀሉን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ፣ ጆሯችሁ መነሻውን ይጠብቃል፣ ሲመጣ አርፎ ይቀመጣል። ወንድና ሴት በግጥም የሚወራረፉበት ዓይነትም አለ፣ ፒካዲዮ ይሉታል። እሱ ስለ ባልነት አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ እሷ ባሰ ነገር ትመልስለታለች፣ መንገዱ በሳቅ ያልቃል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ጭፈራው ጉልበት ይፈጃል። እጆች ከራስ በላይ፣ በመዳፍ ውስጥ ካስታኝዌላ የሚሏት እርስ በርስ የምትጋጭ ጥንድ የእንጨት ማንቋቂያ፣ እግር ከመሬት ብድግ ብድግ። የካስታኝዌላ ጥንዶች ወንድና ሴት አላቸው፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴቷ ናት። ያስገረመኝ ጫማው ነው። ሶሉ ገመድ ነው። ስለዚህ ሲዘሉም ሲያርፉም ኮቴያቸው አይሰማም። በፍላሜንኮ እግር ይናገራል፣ እዚህ እግር ዝም ብሎ እጅ ነው የሚያወራው። ዛራጎዛ ውስጥ ከ1886 ጀምሮ የሆታ ውድድር አለ፣ ሽልማት አለው፣ ታላላቅ ድምፃውያን ወጥተውበታል። አከብረዋለሁ። እኔ ግን ያችን ጠባብ መንገድ በምንም አልለውጣትም።

ከዛራጎዛ ስመለስ ለእትዬ ቪዲዮ አሳየኋቸው። አዩና "እኛንም እንደዚህ ሊያደርጉን ነበር" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በ1939 ካበቃ በኋላ፣ በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን፣ የገዢው ፓርቲ የሴቶች ክንፍ ነበር። መሪዋ ፒላር ፕሪሞ ዴ ሪቬራ ትባላለች። ይህ ድርጅት መምህራኑን በየመንደሩ ልኮ ዘፈንና ጭፈራ አስለቀመ፣ ቡድኖች አቋቋመ፣ አወዳደረ፣ ውጪ አገር ድረስ አዞረ። ስፔንን ለዓለም ፈገግ ብላ እንድትታይ ያደርጉ ነበር። እትዬ ያኔ ልጃገረድ ናቸው። ከከተማ የመጣች መምህርት የራሳቸውን ጭፈራ መልሳ ለራሳቸው እንዳስተማረቻቸው ነገሩኝ። በመስመር ቁሙ። እጃችሁ እኩል ይሁን። ፈገግ በሉ። ወደ ሕዝቡ ዙሩ። "እኛ ግን" አሉኝ፣ "እርስ በርሳችን ነበር የምንተያየው።"

አሁን ይህን የምጽፈው ለመክሰስ ብቻ አይደለም። በዚያ ለቀማ የተረፈ ጭፈራ ብዙ ነው፣ እዚህ አገር ያሉ አዋቂዎችም ይህን አይክዱም። እናቴ በወጣትነቷ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበረች። በአንድ ምሽት ጉራጌኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን እየተጫወተች ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ትለዋውጥ ነበር። ወዳዋለች ያንን ዘመን። ፎቶውን ስታሳየኝ ፊቷ ይበራል። ግን አንድ ጊዜ ገጠር አክስቷ ቤት ሠርግ ሄዳ "የተማርኩትን ስጨፍር አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ" ብላኛለች። ቦታ ለቀቁልኝ። በአክብሮት ወይም በመደነቅ ሊሆን ይችላል። ግን ክቡ ተበተነ ማለት ነው። እትዬ የነገሩኝን ስሰማ ይቺ የእናቴ ቃል ናት የመጣችብኝ።

ከሁሉም የወደድኩት ሰው አጋፒቶ ማራስዌላ ነው። የሴጎቪያ ሰው፣ በ1891 የተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ በደንብ አያይም። ዱልሳይና የሚባለውን፣ ድምፁ የሚሰነጥቅ የእንጨት ጥሩምባ ይነፋል፣ ጊታርም ይጫወታል። በየመንደሩ እየዞረ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሥር እየተቀመጠ ዘፈን በኖታ ጻፈ። በ1932 ሥራው ብሔራዊ ሽልማት አገኘ። ጦርነቱ መጣ፣ ከጦርነቱም በኋላ ዓመታትን እስር ቤት አሳለፈ። መጽሐፉ የታተመው በ1964 ነው። ከሽልማቱ እስከ ኅትመቱ 32 ዓመት! እሱ ግን ወጣቶችን ማስተማሩን አላቆመም፣ በ1983 ሲሞት ሴጎቪያ ውስጥ ዱልሳይና የሚነፋ ትውልድ ትቶ ነው የሄደው።

ባርሴሎና የምትኖር ጓደኛዬ ጋ በሄድኩ ጊዜ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ካቴድራሉ ፊት ለፊት አለፍን። ሳርዳና ይጨፈራል። የካታሎኒያ ነው። ደረጃው ላይ 11 ሙዚቀኞች ተቀምጠዋል፣ መሣሪያው ግን 12 ነው። ምክንያቱም አንዱ ሰውዬ በግራ እጁ ፍላቢዮል የምትባል ትንሽ ዋሽንት ይነፋል፣ ግራ ክንዱ ላይ የታሰረችውን ቡጢ የምታህል ከበሮ በቀኙ ይመታል። የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ብቻውን ትንሽ ይነፋል፣ ከበሮዋን ጧ ያደርጋል፣ ሌሎቹ ይገባሉ።

ከዚያ ሰዎቹ። የገበያ ዘንቢል የያዙ ሴቶች፣ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ጂንስ ያደረገች ልጅ። ቦርሳቸውንና ኮታቸውን መሬት ላይ ቆለሉ፣ ዙሪያውን ክብ ሠሩ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ቦርሳው መሀል ነው። ሌባ በሚበዛበት ሰፈር ብልህነት ነው፣ ግን ሌላም ነገር አየሁበት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መሀል አድርጎ ለቱሪስቱ የሰጠው ጀርባውን ነው። በአጭሩ እርምጃ እጅ ወደ ታች፣ በረጅሙ እርምጃ እጅ ወደ ላይ። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው፣ እየቆጠሩ ነውና። ዜማው የሚያልቅበት ምት ላይ እግራቸው በትክክል ማረፍ አለበት። ከክቡ ውስጥ አንድ ሰው ይቆጥራል፣ ለሌሎቹ በጆሮ ይነግራል።

የማያውቁት ሰው መግባት ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፣ ወንዱንና በቀኙ የያዛትን ሴት መሀል አትለይ። ጓደኛዬ ገፋችኝ፣ ገባሁ። ግራዬን የያዙት ሴትዮ አላዩኝም እንኳ፣ እጄን ብቻ ወደ ላይ አነሱት። ስስት በእጃቸው ጫን ያደርጉኛል፣ ሳገኘው ለቀቅ። በአንድም ቃል ሳንነጋገር አስተማሩኝ።

ሳርዳናን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስረዘመውና ያሰፋው ፔፕ ቬንቱራ ነው፣ ከ1817 እስከ 1875 የኖረ። ካታሎኖች ከማንነታቸው ጋር ያስሩታል። የተወለደው ግን ደቡብ፣ አንዳሉሲያ ውስጥ ነው፣ አባቱ ወታደር ስለነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ሰሜን ምዕራብ ስፔን ያለችው ጋሊሲያ ገና አልሄድኩም። ግን ማድሪድ ውስጥ ጋሊሲያዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ማኅበር አለ፣ ሐሙስ ማታ ፓንደይሬታ ያስተምራሉ። ክብ እንጨት ላይ ቆዳ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ ጽናጽል። የመጀመሪያ ቀን ሙኝዬይራ የሚሉትን ጭፈራቸውን ሲመቱ ትከሻዬ ሳላዘው ተነሳ። በእውነት። ምቱ ሲክስ ኤይት ነው፣ እግር ሁለት ሲል እጅ ሦስት የሚል። ከእኛ ችክችካ ጋር ወንድማማች ነው፤ በልጅነቴ በሬዲዮ፣ በሠርግ፣ በታክሲ የሰማሁት ምት። መምህሯ አይታኝ "ይሄንን ከየት ታውቂዋለሽ?" አለችኝ። እስክስታ አሳየኋት። ክፍሉ በሙሉ ትከሻውን መሞከር ጀመረ፣ ያን ቀን ትምህርት አልተማርንም።

እጄ ግን ወዲያው አልለመደም። ከአንጓ ነው የሚዞረው፣ አውራ ጣት አንድ ጊዜ፣ ጫፍ ጣቶች አንድ ጊዜ፣ በፍጥነት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጣቴ ቆዳ ተላጠ። አሮጊቶቹ ማጠንከሪያው ራሱ መምታት ነው ይላሉ። ሙኝዬይራ የሚለው ስም የመጣው ከወፍጮ ነው። የውኃ ወፍጮው እስኪፈጭላቸው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሌሊቱን ይጨፍሩበት ነበር ይባላል። በ2022 ታንሹጌይራስ የሚባሉ ሦስት ጋሊሲያዊ ሴቶች ይሄንኑ ፓንደይሬታ ይዘው፣ በጋሊሲያ ቋንቋ፣ ዩሮቪዥን ለሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር የስፔን መምረጫ በሆነው ቤኒዶርም ፌስት ቀረቡ። በሕዝብ ድምፅ አንደኛ ወጡ፣ የዳኞች ነጥብ ሲደመር ግን በጠቅላላው ሦስተኛ ሆነው ቀሩ። ማኅበሩ ውስጥ ይህ ወሬ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በ1952 አላን ሎማክስ የሚባል አሜሪካዊ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ መቅረጫ ይዞ ስፔንን ለወራት ዞሯል፣ ፖሊስም ይከታተለው ነበር። ጋሊሲያ ውስጥ ከቀረጻቸው አንዱ አሳማ የሚያኮላሽ ሰው መምጣቱን ለመንደሩ የሚያሳውቅበት የዋሽንት ዜማ ነው። ያ ዜማ ዞሮ ዞሮ የአሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ የማይልስ ዴቪስ ጆሮ ገባ፣ በ1960 በወጣው የስፔን አልበሙ ላይ በጥሩምባው ተጫወተው። የሠራተኛ ጥሪ ነበር እኮ!

እና አንጊያኖ። ላ ሪዮሃ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ጁላይ 22፣ በመቅደላዊት ማርያም ቀን፣ ከእትዬ ጋር በቴሌቪዥን አየነው። ስምንት ወጣቶች ቢጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆን የእንጨት እግር ላይ ቆመው፣ በቁልቁለት መንገድ ይወርዳሉ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ቀጥ ብለው ቢሆን ደግ፣ እየተሽከረከሩ ነው የሚወርዱት፣ ቀሚሱ እንደ ደወል ተነፍቶ፣ በእጃቸው ካስታኝዌላ። ታች የቆመው ሕዝብ በክንዱ ይቀበላቸዋል። ይሄንን ማን መድረክ ላይ ያወጣዋል? ቁልቁለቱ ራሱ የጭፈራው ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ የሚቀበለው ክንድ። እትዬ አንዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ክንዴን ጨመቁኝ።

ሴቪያ ካቴድራል ውስጥ ደግሞ አሥር ወንዶች ልጆች በታላላቅ በዓላት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ መሠዊያው ፊት በካስታኝዌላ ያሸበሽባሉ። ለብዙ አውሮፓዊ እንግዳ ነገር ነው። ማኅሌት ቆሞ ላደረ ሰው ግን አይደንቀውም።

ባለፈው ክረምት እትዬ ትንሽ ደከም አሉ። ዘፈኖቻቸው እንዳይጠፉ ልቅረጽ ብዬ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። ዝም። "ይዝፈኑልኝ" አልኳቸው። ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ለእሱ?" አሉኝ። "አይሆንም ልጄ። አንቺ ምቺ፣ እኔ እዘፍናለሁ።"

ስልኩን ወደ መሳቢያ ከተትኩት። ሙቀጫዋን አወረድኩና ጭኔ ላይ አደላደልኳት። አንዱን ጠንከር፣ ሁለቱን ለስለስ። ቀስ ስል በጣታቸው ጉልበቴን ይመቱኛል፣ ስፈጥን መዳፋቸውን ሙቀጫዋ አፍ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ናት፣ ከሥራ መመለሷ ነው። ኮቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረችና መስኮቱ ሥር ያለውን ጠርሙስ አነሳች፣ ከመሳቢያ ማንኪያ አወጣች።